ከቆቧ በላይ ያለችው ኮከብ

ዴልፊን ሩዋርክ ያን ሰው መጀመሪያ ያየችው ሲሳሳት ነው።

ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው የአባቷ ሱቅ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ የሴት መልክ የታተመባትን አንዲት ጥንታዊ የወርቅ ሳንቲም ጠርዟን በሁለት ጣቶቹ ይዞ መብራቱ ላይ ያገላብጣል። ኤሜት ሶርሊ ይባላል፤ ኒውዮርክ ካለ የጨረታ ቤት ነው የተላከው። ሟቹ ሎይድ ፔል ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቧቸው የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ወርቆች ሊሸጡ ስለሆነ፣ የእያንዳንዱን ይዞታ መርምሮ ደረጃ እንዲሰጥ ነበር የመጣው። ወርቆቹ የሚቀመጡት በዴልፊን አባት በአቶ ዋረን ሩዋርክ ካዝና ውስጥ ነበር፤ የሟቹ የልብ ወዳጅም አማካሪም እሳቸው ነበሩና።

«ያሳዝናል» አለ ኤሜት ለራሱ። «መልኳ ደህና ነበር። አንዱ ባለጌ ግን ጉንጯን ቧጭሯታል።»

«ማንም አልቧጨራትም» አለች ዴልፊን ከመደርደሪያው ኋላ።

ቀና ብሎ አያት። «ይቅርታ?»

«ጭረቶቹን ተከትለው ይሂዱ። ከጉንጯ ወርደው ምስል የሌለበት ሜዳ ላይ ሲደርሱ ምን ይሆናሉ?»

አጎነበሰ። «ይደበዝዛሉ» አለ።

«ማተሚያው ጨፍልቋቸው ነዋ። ገና ሳትታተም ክብደቷ ስለበዛ በሞረድ ቀንሰዋታል። ኋላ የተቧጨረ ቢሆን ወርቁ ግራና ቀኝ ተገፍቶ ያዩት ነበር። ደግሞ ያኔ ሞረዱን የሚይዙት ሴቶች ነበሩ።»

«እንግዲያው ባለጌ ያልኩትን አንስቻለሁ።»

«ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይንገሯት።»

ኤሜት ሳንቲሟን ወደ ዓይኑ አቀረበና ምንም ሳይስቅ፣ «እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ዴልፊን ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ በጠዋቱ ባቡር መመላለስ ጀመረ። ደረጃ ሲሰጡ እሱ ጥብቅ ነው፣ እሷ ለጋስ፤ ቀኑን ሙሉ ይከራከራሉ። እሱ ከሳንቲሙ ጀርባ የታተመውን ንስር ደረት አይቶ «ላባው ታሽቷል፣ ይህች ብዙ እጅ ዞራለች» ሲል፣ እሷ ዙሪያውን በታተሙት ከዋክብት መካከል ተሸሽጎ የቀረውን የመጀመሪያ ቀን አንጸባራቂነት ታሳየዋለች። አንዱን ሳንቲም «እንዴት ያበራል!» ብላ ስታደንቅ፣ እሱ ዘንበል ያደርገውና በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉትን ፀጉር የመሳሰሉ ጭረቶች ያሳያታል። «ያበራው በጨርቅ ታሽቶ ነው። የራሱ ብርሃን ቢሆን እንዲህ አንድ ወጥ አይሆንም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ከማዕዘኑ ጨው የተነሰነሰበት ጥምዝ ዳቦ በሰናፍጭ ይዞ ይመጣል። ቆመው ይበላሉ፤ እጃቸውን ታጥበው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን በአንድ ማጉያ መነጽር ላይ ሁለቱም አጎነበሱ። ጆሮው ጆሮዋን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ኤሜት ትንፋሹን ያዘ። ወርቁ ላይ እንዳይተነፍስ ይሁን ለሌላ ምክንያት፣ ዴልፊን አላወቀችም። «ታያለህ?» አለችው። «አንተ» ማለቷን ሁለቱም ሰሙ። ማንም አላረመውም።

በመጨረሻ የቀረችው አባቷ የሚኮሩባት ሳንቲም ነበረች፤ የ1795ቷ ባለ አምስት ዶላር። በአንድ ፊቷ ባለ ቆቧ ሴት፣ በሌላው በመንቁሩ ጉንጉን የያዘ ንስር። አቶ ሩዋርክ ራሳቸው መርጠው ለወዳጃቸው የሸጧት ናት። ያኔ ዓይናቸውን ገና ሞራ አልሸፈነውም ነበር።

«የሰው እጅ አልነካትም» አሉ ከወንበራቸው ሆነው። «ስትደሰት ይታወቀኛል ልጄ፣ ባላይህም።»

ኤሜት አያት። ገለበጣት። ጠርዟን አዞረው። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። «የዛሬው ይብቃኝ» ብሎ ኮቱን አነሳና ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። በሚቀጥለው ሳምንትም አልመጣም፤ ስልክም አልደወለም።

«ያ ልጅ የት ገባ?» አሉ አባቷ።

«ሥራው አልቆ ይሆናላ» አለች ዴልፊን። እንግዲያው የሳንቲሞቹ ወዳጅ ነበር እንጂ የእኔ አልነበረም ብላ፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር አንስታ ወደ ጓዳ አስገባችው።

መኸር ሊያልቅ ሲል ከጨረታው ቤት ስልክ ተደወለ። ሌላ መርማሪ ይመጣል አሏት። አቶ ሶርሊ ለአንዲቱ ሳንቲም ደረጃ አልሰጥም፣ ምክንያቱንም አልናገርም ስላለ ከሥራው ወጥቷል። የትኛዋ? የ1795ቷ ባለ አምስት ዶላር።

ዴልፊን ስልኩን ዘጋችና ካዝናውን ከፈተች። ያችን ሳንቲም እስካሁን ያየቻት በአባቷ ቃል ብቻ ነበር። አሁን እንደ ባዳ አየቻት። ከቆቧ በላይ ያለችው ኮከብ የሌሎቹ ስለት አልነበራትም፤ ለስላሳ ነበረች፣ በእጅ እንደተቀረጸች። ዙሪያዋ ያለው ወርቅ መልኩ ትንሽ ገርጥቷል። በጠርዙ ዙሪያ ከተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶችም ከሷ ትይዩ ያሉት ተራርቀዋል። ሳንቲሟ ተበስታ ነበር። የአንዲት ሴት አንገት ላይ ተንጠልጥላ ኖራ፣ በኋላ ቀዳዳው በወርቅ ተደፍኖ ኮከቧ እንደገና ተቀርጻለች።

እዚያው ተቀመጠች። ኤሜት ዝም ያለው ለምን እንደሆነ ገባት፤ ገብቷትም ተናደደች፤ ተናድዳም አለቀሰች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

ነገረቻቸው። ጣታቸውን ይዛ ጠርዙ ላይ አስኬደችው። ጣታቸው የተራራቁት ጥርሶች ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ያኔ ጠርዙን አላየሁም» አሉ አቶ ሩዋርክ። «ፊቷን ወድጄው ጠርዟን ረሳሁ።» ከዚያ ተነስተው ባርኔጣቸውን በዳበሳ መፈለግ ጀመሩ። «በይ ውሰጂኝ። ለአጋታ ሌላ ሰው ከሚነግራት እኔ ልንገራት።»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አጋታ ፔል ሁሉንም ሰሙ። የፖም ኬካቸውን ቆርሰው ሳህኑን በአቶ ሩዋርክ እጅ አስያዙ።

«ሎይድ እኮ ያውቅ ነበር ዋረን።»

«ምኑን?»

«ቀዳዳውን። በገዛት በዓመቱ ነው ያወቀው። ‹ብነግረው ያፍርና ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ይተዋል፤ ወርቁ ይቅርብኝ› አለኝ።»

አቶ ሩዋርክ ሳህኑን እንደያዙ ቀሩ። «ቢነግረኝ ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አፍር ነበር። ያን ቅዳሜ ምናልባት አልመጣም ነበር። የሚቀጥለውን ግን እመጣ ነበር።»

ዴልፊን ይህን ስትሰማ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ ፔል።

«ባቡር እንዳያመልጠኝ።»

ወይዘሮ ፔል ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቁም። «ሂጂ፣ አባትሽን እኔ እሸኛቸዋለሁ» ብቻ አሉ።

ኤሜት ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ አድራሻውን ዴልፊን ከጨረታው ቤት ጠይቃ አገኘች። በሩን ሲከፍት የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ሳህን ሲያጥብ ነበርና እጁ ውኃ ያንጠባጥባል። 

«ኮከቧን አየኋት» አለች።

«አባትሽስ?»

«ነገርኩት። ለወይዘሮ ፔልም ራሱ ነገራቸው። ስወጣ ኬክ እየበላ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

«እውነቱን ብጽፍ እሳቸውን አዋርዳለሁ። ብዋሽ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አንቺን በምን ዓይኔ አይሻለሁ? ስለዚህ ሸሸሁ።»

«እኔ ግን የተውከኝ ነው የመሰለኝ። ቢያመኝም ንገረኝ። እቆጣለሁ፣ ምናልባት አንድ ቀን አኮርፍሃለሁ። ዝም ስትል ግን የምቆጣው እንኳ አጣሁ።»

ኤሜት እጁን በሱሪው አደረቀ። «ልክ ነሽ» አለ። «ፈሪ ነበርኩ።»

«ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

አቀረቀረ። «አንድ አለ። ያ ሁሉ ሥራ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። ያየሁትን መልሼ እያየሁ ነበር የምመላለሰው።»

ዴልፊን ፈገግ አለች።

«ያየሃቸውን ሳንቲሞች እንደገና እንድታይ ትሪው ላይ መልሶ ያስቀምጥልህ የነበረው ማን መሰለህ?» አለች።

ኤሜት መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና እጇን ያዘ። ጣቶቹ ገና እርጥብ ነበሩ።

ከላይ ከደረጃው የአከራይዋ ሴትዮ ድምፅ መጣ። «ሶርሊ፣ ማን ናት በሩ ላይ? በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ። እንግዳዋ እራት ትበላለች ወይስ ትሄዳለች?»

ኤሜት ዴልፊንን አያት።

«እበላለሁ» አለች ዴልፊን ወደ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ፤ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።