የሀውራ ትንፋሽ

የዘጠኝ ዓመቷ የሀውራ ጀናዛ ተከፍኖ፣ ቀባሪው ሐይቅ ከተማ ዳር ባለው ግቢ ሞልቶ፣ ኢንስፔክተር ዋሲላ ገና «ቆዩ» ትላለች። የልጅቱ አባት ሙነወር እንጀራ እናቷን አሲያን በመርዝ ገደለቻት ብሎ ከሶ ነበር። የሚመረምር ሐኪም የለም፤ ጤና ጣቢያውን ጦርነቱ ባዶ አስቀርቶታል። ወደ ደሴ የሚሄድ መኪናም ጠፋ። ዋሲላ ራሷ መጠየቅ ጀመረች።

«ከንፈሯ ጠቁሯል! ወተቱን ያጠጣቻት እሷ ናት!» አለ ረጅሙ ሙነወር።

«ወላሂ ከዚያው ወተት እኔም ጠጥቻለሁ» አለች አሲያ።

«እንዴት ሆና አረፈች?» ዋሲላ አሲያን ጠየቀቻት።

«መተኛት አቃታት። ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛ፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ የጎድን አጥንቶቿ መሃል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። መናገር ተሳናት። ጤና ጣቢያ ይዣት በረርኩ፤ ኦክስጅን የለም አሉኝ።»

«ሙነወርስ?»

«ሐይቁ ላይ፣ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ነበር።»

«ቀድሞ ያስላት ነበር?»

«ሌሊት ሌሊት፤ ስትሮጥም። እሱ ጉንፋን ነው ይላል።»

ዋሲላ ወደ ቤት ገባች። ፍራሹ ተገልብጧል፤ ሣጥኑ ተራግፏል፤ ማሽላው ተደፍቷል።

«ምን ስትፈልጊ ነው?» አለቻት አሲያን።

«በአፏ የምትስበውን መድኃኒት፣ ፓፉን። ከራስጌዋ ነበር የማኖረው፤ የለም!»

መድኃኒት ቤት ያለው ሱሩር ተጠራ። «ደሴ ያለ ሐኪም አስም ነው ብሎ ያዘዘላትን አሲያ ገዝታለች» አለ። «ሲያፍናት ስጫት፤ ካልተሻላት ፈጥነሽ ሐኪም ቤት ውሰጃት ብያታለሁ።»

ዋሲላ ወንበር ስባ የቤቱን ግድግዳ አናት ዳሰሰች። ከዚያ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የለም። ወተቱን የጠጣችው አሲያ ይኸው ቆማለች። አየር ያጣም ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ልጅቱን የገደላት አስም ነው። መድኃኒቷን ግን አንድ ሰው ደብቋል። አሲያ ብትሆን ቤቱን አታተራምስም ነበር። ሱሩር እዚህ ቤት ዛሬ ገና መግባቱ ነው። እኔ ይህን ያገኘሁት ከበሩ በላይ፣ ጣራው ሥር፣ ወንበር ላይ ቆሜ ነው።» ፓፉን አሳየቻቸው። «ያለ ወንበር የሚደርስበት ቁመት ያለህ አንተ ነህ፣ ሙነወር።»

ሙነወር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሱስ ይሆንባታል አሉኝ። ደግሞ በሽተኛ የሚል ስም ወጥቶላት ማን ያገባታል ብዬ...»

«አንዲት ቃል ብትነግረኝ!» ጮኸች አሲያ። «አንዲት ቃል! አውርጄ እሰጣት ነበር!»

«መርዝ ነው ያልከውስ?» አለች ዋሲላ።

«መርዝ እንዲሆን ፈለግሁ» አለ።

ቀባሪዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ተነሥ፣ ልጅህን ቅበር» አለችው ዋሲላ። «ከቀብር መልስ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ።»