የሸፈቱት የእመት ኡምሰልማ ዶሮዎች

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩም ታኅሣሥ ነበር። በሱዳኗ ገዳሪፍ ዙሪያ ያለው ጥቁር መሬት ሰሊጡን አራግፎ፣ ማሽላውን አስቆርጦ፣ እንደ ደከመ በሬ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ ከሰሜን የሚነሣው ደረቅ ነፋስም የአገዳውን ገለባ እያንሳፈፈ በከተማይቱ ጣሪያዎች ላይ ይበትነዋል። በዚያ ዓመት ግን ሰው ስለ መከሩ አላወራም። ዳቦ ጠፍቶ ነበርና ሕዝቡ ወደ ጎዳና ወጣ፤ ጎማ ተቃጠለ፤ ገበያው ተዘጋ፤ መንግሥትም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐውጆ፣ ጀምበር ከጠለቀች ወዲያ ማንም ከደጁ እንዳይወጣ ሰዓት እላፊ ደነገገ። የሩቅ አገር ቴሌቪዥኖች የገዳሪፍን ስም እያጣመሙ ወሬዋን ለዓለም አሰሙ።

በዚያው ሳምንት የእመት ኡምሰልማ ዶሮዎች ሸፈቱ። ይህን ያሰማ ቴሌቪዥን የለም።

እመት ኡምሰልማ የሐጂ አብዱልሰላም ባለቤት ናቸው። ሐጂ ገና ጢማቸው ሳይበቅል ከጎንደር በመተማ አድርገው የተሻገሩ የበርበሬና የቅመም ነጋዴ ሲሆኑ፣ እመት ኡምሰልማ ደግሞ በሰፈሩ የሐበሻ ሴቶች ዘንድ ስማቸው የከበረ፣ ቃላቸው የሚሰማ፣ ተሳስተው የማያውቁ፤ ቢሳሳቱም የሚነግራቸው ያልተገኘ ወይዘሮ ነበሩ። በዚያ ወራት በትከሻቸው ላይ የልጃቸው የሀዲያ ሠርግ ወድቆባቸዋል። ሙሽራው ጣሃ የኒው ሀልፋ ሰው ነው፤ እናቱ ሐጃ ሰውዳ ለሽምግልና በመጣች ጊዜ፣ “የሐበሻን ዶሮ ወጥ ሲያወሩለት እንጂ ሲያቀርቡት አላየሁም” ብላ ቀልዳ ነበር። እመት ኡምሰልማ ቀልድ ለማሳለፍ የተፈጠሩ ሴት አይደሉም። ለሐጃ ሰውዳና ለመላው ዘመዷ የሚበቃ ዶሮ ወጥ አቀርባለሁ ብለው በሰው ፊት ቃል ሰጡ፤ ከገላባት በቅርጫት ያስመጧቸውን ጫጩቶችም ከክረምቱ ጀምሮ የሰሊጥ ፋጉሎ እያበሉ አሳደጉ። አሁን በግ የሚያመጣው ሎሪ ሲቀር፣ ሥጋ ቤቱም ሲዘጋ፣ የሠርጉ ድግስ ማለት እነዚያ ዶሮዎች ብቻ ሆኑ።

ሙሽራይቱም እንደ አገሩ ወግ ጢስ ትሞቅ ነበር። የእኛ አገር ሴቶች ወይባ የሚሉትን ሱዳኖቹ ዱኻን ይሉታል፤ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ምሽት ምሽት ከእሳት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሸምላ የሚባለውን ከባድ ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ለብሳ፣ የጠልህ እንጨት ጢስ ትታጠናለች። ከተጀመረ ወዲያ ማቋረጥ ነውር ነው። ሀዲያ ቀድሞ የምትታጠነው ሙሽራ በመንከባከብ ከታወቀች ሴት ቤት ነበር፤ ሰዓት እላፊው መንገዱን ሲዘጋው ግን እመት ኡምሰልማ ከዶሮው ቤት ጀርባ፣ የወንድ ዓይን በማይደርስበት ጥግ፣ ጉድጓዱን አስቆፈሩላት። ሐጂም ወደዚያ ጥግ ድርሽ እንዳይሉ በጥብቅ ተነገራቸው።

ከዶሮዎቹ መካከል አለቃው አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነው፤ ሐጂ “ፊታውራሪ” የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። ሰዓት እላፊው በታወጀ ማግሥት፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ፊታውራሪ ወደ ቆጡ በር ቀረበ፤ አንገቱን አስገባ፤ ቶሎ አወጣ፤ ከዚያም ሠራዊቱን አስከትሎ በአገዳው አጥር ላይ ዘለለና ከጎረቤት ግቢ የኒም ዛፍ ላይ ሰፈረ።

“ምን አግኝቷቸው ነው ሐጂ?” አሉ እመት ኡምሰልማ መጥረጊያቸውን እንደ ያዙ።

“ሰዓት እላፊው ለሰው እንጂ ለዶሮ አልታወጀም። መብታቸው ነው” አሉ ሐጂ።

“እኔ የምጠይቅዎ ሌላ፣ እርስዎ የሚመልሱት ሌላ። በርዷቸው ነው።”

“ይኼ ብርድ? ደባርቅ ቢወስዱት ሙቀት መጣ ብለው ጋቢ ያወልቁለታል። ደግሞስ ከበረዳቸው ዛፍ ላይ ምን ሊሞቁ ወጡ?”

እመት ኡምሰልማ መጥረጋቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱ ግን እናታቸው በደጋው አገር ታደርግ እንደነበረው ሁሉ የዶሮውን ቤት ስንጥቅ በጭቃና በእበት መረጉ፤ ከላዩ የሰሊጥ ጆንያ ደራረቡበት፤ ዶሮ እንዳይታፈን ብለው ከጀርባው በኩል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተዉ። በዚያ ምሽት ፊታውራሪ አንገቱን እንኳ ለማስገባት አልደከመም፤ በቀጥታ ወደ ዛፉ ሄደ።

የዛፉ ባለቤት ልብስ ሰፊዋ ለተሰንበት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር፣ እጇም አፏም የማያርፍ ትግራዊት። እመት ኡምሰልማ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉባት።

“ለተሰንበት፣ ለዶሮዎቼ ማሽላ ትበትኛለሽ አሉ።”

“ማን አለ?”

“ዛፍሽ ነዋ። ይኸው ሞልተውበት።”

“እኔ የፊታውራሪን ጩኸት ስችል አድሬ፣ ጠዋት ኩሱን ከስፌት መኪናዬ ላይ ጠርጌ፣ ማሽላ ደግሞ ልጨምርላቸው? ኪራይ ያልጠየቅኩዎ ፈጣሪን ፈርቼ ነው።”

“ሳይባበል ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ዶሮ አይቼ አላውቅም።”

“እኔም በደህና ቤት እያለ ዛፍ የሚመርጥ ዶሮ አላየሁም። እስቲ ያስቡበት እመት።”

ይህች ቃል እንደ እሾህ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ አቋረጡ፤ ወታደር መንገዱን ዘግቶ፣ ኩርፊያ አጥሩን ዘግቶ፣ ዶሮ ብቻ እንደልቡ ይመላለስ ጀመር።

ዛፍ ግን የራሱ ጌታ አለው። አንድ ማለዳ ከኒሙ ሥር የግራጫዋ ዶሮ ላባ ተበትኖ ተገኘ፤ በማግሥቱ የነጯ። ሸለምጥማጥ መንገዱን ለምዷል። እመት ኡምሰልማ ላባውን በመሀረባቸው ሰብስበው ቆሙና፣ በዚህ አያያዝ ሐጃ ሰውዳ ከባዶ ድስት ፊት እንደምትቀመጥ፣ እስከ ኒው ሀልፋ ድረስም እየሣቀች እንደምትመለስ ታያቸው። ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

“እባብ ገብቶበት ቢሆንስ?” አሉ በመጨረሻ። “ዶሮ በምትገባበት ሰዓት ገብቼ ካላየሁ አላርፍም።”

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነጠላቸውን አሸረጡ፤ ተንበረከኩ፤ ጆንያውን ገልጠው እስከ ወገባቸው ድረስ ወደ ዶሮው ቤት ገቡ። ለጥቂት ጊዜ ከውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነበር። ቀጥሎም ቤቱ አሳለ፤ አነጠሰ፤ እመት ኡምሰልማም ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ፣ ራሳቸው ላይ ገለባ ተሰክቶ፣ እየተንፏቀቁ ወደ ኋላ ወጡ።

ሐጂ ደግፈው ሊያነሡ ቀረቡና በአፍንጫቸው ሳብ፣ ሳብ አደረጉ። የጠልህ ጢስ፣ ጥርት ያለ የሙሽራ ጠረን።

“አንቺ ሴት” አሉ ቀስ ብለው፣ “ደግሞ አንቺ ማንን ልታገቢ ነው?”

ከዶሮው ቤት ጀርባ፣ ከሸምላው ሥር፣ የሀዲያ ሣቅ ፈነዳ። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናትና እናቷን እንደ ሱዳኖቹ እየጠራች፣ “ወላሂ ዩማ፣ ዶሮዎቹን ሁሉ ሙሽራ አድርገናቸው ነበር” አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጢሱ መጀመሪያ በስንጥቆቹ ይገባ ነበር፤ ስንጥቁ ከተመረገ በኋላም ባሰበት። እመት ኡምሰልማ ለዶሮው መተንፈሻ ብለው የተዉት ቀዳዳ ልክ ከጢሱ ጉድጓድ አናት ላይ ነው፤ የሰሜኑ ነፋስ ጢሱን እየገፋ በዚያ ያስገባዋል፤ ጭቃውና ጆንያውም እንዳይወጣ ይይዘዋል። ልጅቷ ለመታጠን የምትቀመጥበት ሰዓት ደግሞ ዶሮ ለማደር የሚገባበት ሰዓት ነው። ፊታውራሪ በርዶት አልነበረም፤ ዓይኑ ተቃጥሎ፣ ትንፋሹ አጥሮ ነው የሸሸው።

ምክንያቱ ታወቀ፤ መላው ግን አልታወቀም። ቀዳዳው ቢደፈን ዶሮው ይታፈናል። ቀን ቀን እንዳትታጠን ግቢው በርበሬ በሚያወጡና በሚያገቡ ወንዶች የተሞላ ነው። ብታቋርጥ ሐጃ ሰውዳ ባፍንጫዋ ታውቃለች። ወንድ የማይገባበት ሌላ ጥግ በቅርብ ያለው በአንድ ቤት ብቻ ነበር።

እመት ኡምሰልማ ይህን ሌሊቱን ሙሉ ሲያላምጡ አድረው፣ በማግሥቱ ማለዳ በመንገዱ ዞረው የለተሰንበትን በር አንኳኩ።

“ለተሰንበት፣ ማሽላ አልበተንሽም።”

“ይኼን ሊነግሩኝ ነው በጠዋቱ?”

“ያባረርኳቸው እኔው ነኝ። በሀዲያ ጢስ።”

ለተሰንበት በከንፈሯ የያዘችው መርፌ እስኪወድቅ ሣቀች። እመት ኡምሰልማ መርፌውን ጎንበስ ብለው ፈለጉላት፤ አግኝተውም ሲሰጧት፣ “ልጄን ምሽት ምሽት ታስጠጊልኛለሽ?” አሉ።

“ወታደሩስ? በመሸ ጊዜ በየት ትመጣለች?”

“እሱን ነው ያላወቅኩት።”

ለተሰንበት ተነሥታ ማጭድ አመጣች። አጥሩ የማሽላ አገዳ ነው፤ ዓመት ከዓመት እንዳይወድቅ ሁለቱ ሴቶች ከየወገናቸው የሚጠግኑት። ሰው የሚያሾልክ ያህል ቆረጠችና ወደ ጎን ጣለችው።

“ዶሮዎን ይውሰዱ፣ ልጅዎን ይስጡኝ” አለች። “እሷ እንኳ መኪናዬ ላይ አትወጣም።”

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሙሽራይቱ በዚያች ሾላካ እየተሻገረች ከኒሙ ሥር ትታጠን ጀመር። እመት ኡምሰልማ ጆንያውን ገፈፉ፤ ጭቃውን አፈረሱ፤ ቤቱን ነፋስ አስመቱ። ጢሱ አሁን ወደ ዛፉ ነበርና ፊታውራሪ ቅር እያለው ወረደ፤ በአጥሩ ላይ ተመለሰ፤ በቆጡ በር ቆሞ ግራ ቀኙን አየ፤ አንገቱን አስገባ፤ በዚያውም ቀረ። ሠራዊቱም ተከተለው። ከሸለምጥማጥ ተርፈው በሰላም የሚያድሩበትን ምክንያት ቢያውቁ ኖሮ ጢሱን መርጠው ዛፉ ላይ ይቀሩ እንደነበር ጥርጥር የለውም።

ሠርጉ በቀን ተደገሰ። የሙሽራው ወገን በየኬላው እየቆመ ደረሰ፤ ከመምሸቱም በፊት ለመመለስ ተቻኮለ። ሐጃ ሰውዳ ሀዲያን አቅፋ አሸተተቻት፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ከዚያም ከዶሮ ወጡ ፊት ተቀመጠችና ሳህኗን አሟጠጠች። ቀና ስትልም ያለችው፣ “ድስቱ ውስጥ ቀርቷል?” ነበር። ለተሰንበት በነቢያት ጾም ላይ ነበረችና ለብቻዋ የተሠራላትን ሽሮ ይዛ ከሙሽራይቱ አጠገብ ተቀመጠች።

የዚያ ታኅሣሥ ታሪክ ተጽፏል። የዳቦው እጦት፣ የሕዝቡ ጩኸት፣ የወደቁት ሰዎች ስም በየመዝገቡ አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው። በገዳሪፍ የሐበሻ ሰፈር አንድ የአገዳ አጥር መቆረጡን ግን የጻፈ የለም። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሾላካዋን መልሶ ለመዝጋት ሁለቱም ሴቶች ነገ ከነገ ወዲያ ሲሉ ጊዜው ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከተከዜ ማዶ ጦርነት ተነሥቶ የለተሰንበት ዘመዶች በእግራቸው ሲደርሱ፣ የእሷ ግቢ ጠበባቸውና በዚያች ሾላካ አልፈው ከእመት ኡምሰልማ በረንዳ ላይ አደሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከካርቱም የተፈናቀሉ የሐጂ ወዳጆች መጥተው በተቃራኒው ወገን ወደ ለተሰንበት ተሻገሩ። ታሪክ በር ሲቆጥር የከተማ በርና የድንበር በር ይቆጥራል፤ ሁለት ሴቶች በማጭድ የከፈቱትን ከቁጥር አያገባም። የገቡበት ሰዎች ግን ያውቁታል።