በሩ ተከፍቶ መንገዱ የተዘጋ ዕለት

«ሒክማ፣ ያ አጎትሽ አይደል እንዴ?»

ፋና በአገጯ ወደ አስፋልቱ ጠቆመቻት። ሒክማ የታሸገ ውሃ የተደረደረበትን ትሪ እንደያዘች ቀና አለች። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና በመኪና ላይ ተደራርቧል። እህል የጫነ ኤፍ ኤስ አር፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ በግ ያሳፈረ ፒክአፕ፣ ሁሉም ጥሩምባውን ይነፋል እንጂ አንዱም ፈቀቅ አይልም። በዚያ ሁሉ መሀል ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ ጎማውን በእጁ እየገፋ፣ በመኪኖቹ መካከል በቀረችው ቀጭን ክፍተት ይመጣል።

ኑርዬ ነበር፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ከሩቅም ቢሆን አትስተውም።

«አይደለም» አለች ሒክማ።

ፋና ዞር ብላ አየቻት። ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። የኑርዬን ፊት እንደ አባቷ ፊት ታውቀዋለች። ሆኖም ውሃ ማደሏን ቀጠለች።

ግንቦት 2015 ነበር። ጦርነቱ ቆሞ ከተማው ገና ወገቡን ቀና እያደረገ ሳለ፣ ዘንባባ አውቶሞቢል የሚባል መኪና ገጣጣሚ ከከተማው መውጫ ላይ አዲስ ግቢ ሠርቶ በሩን ለሕዝብ ከፈተ፤ ሒክማንና ፋናንም ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በሩ ላይ አስተናጋጅ አድርጎ አቆመ። ሳምንቱን ሙሉ ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ «ቤንዚን የማይጠጣ መኪና! ኑ፣ እዩ፣ ንዱ!» እያለ ሲዞር ሰነበተ። ለነዳጅ ተሰልፎ የመረረው ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ይቀራል? ከደሴ መጣ፣ ከውጫሌ መጣ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር መጣ።

ያላሰቡት ነገር ቢኖር መንገዱን ነው። ወደ ግቢው የምታስገባው ድልድይ አንድ መኪና ብቻ ታሳልፋለች። ማቆሚያ ስላልተዘጋጀ ቀድሞ የደረሰው ሁሉ አስፋልቱ ዳር ግራና ቀኝ አቁሞ ገባ። በዚያ ላይ የገበያ ቀን ነው። ረፋዱ ላይ የደሴና የወልድያ መንገድ እንደ ጠርሙስ አንገት ተወተፈ።

«ማንም ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል!» አለ ሙዘይን፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ። የዝግጅቱ አስተባባሪ ነው፤ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። «እንግዶቹ ገበያው ጋ ተይዘዋል፤ በእግራቸው እየመጡ ነው። በሩ ባዶ ሆኖ እንዳያገኙት። እስከ መጨረሻው የቆማችሁ ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ በአዲሱ መኪና ሐይቁን ትዞራላችሁ፤ ቃሌ ነው።»

«ፏ ልንል ነው!» አለች ፋና በሹክሹክታ። ሒክማ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ዓይኗ ግን ከነጩ ኮፍያ ላይ አልነሳ አለ።

ከቀናት በፊት ኑርዬ ከቤት ደጃፍ ተቀምጦ ያን ባጃጅ ሲሰማ ነበር። «እግር ለማይታዘዛቸው በእጅ ብቻ የሚነዳ!» ሲል ፊቱ እንዴት እንደበራ ሒክማ አይታለች።

«ሒኩ፣ ትወስጂኛለሽ?» አላት።

«እኔ እኮ አስተናጋጅ ነኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነው የምውለው። ደግሞ ጠጠር ነው፤ ወንበሩ አይሄድም» አለችው።

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። ያልተናገረችው ግን ይበልጣል። ወንበሩን እየገፋች በከተማው ባለፈች ቁጥር ሰው ከንፈሩን ይመጣል። «አይ ኑርዬ፣ እንዲህ ሆነህ ትቅር?» ይሉና ከዚያ ደግሞ ወደ እሷ ይዞራሉ፤ «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ።» ያን «አይዞሽ» ከስድብ በላይ ትጠላው ነበር። የክፍል ልጆች ባሉበት ሲሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች።

ድሮማ እንዲህ አልነበረም። ድሮ የኑርዬ የእህት ልጅ መሆን ማዕረግ ነበር። አባዱላ የሚሏት ነጭ ሚኒባስ ነበረችው፤ ከደሴ ውጫሌ ትመላለሳለች። ከሩቅ ስትመጣ በጥሩምባዋ ትለያለች፤ ከውስጧ ደግሞ ክራር በአምባሰል ቅኝት ይፈስሳል። ሒክማ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መንገድ ላይ ካገኛት ጋቢና ያስቀምጣታል። ሹፌሩ ሁሉ፣ ትራፊኩ ሁሉ እጁን ያነሳለታል፤ እሷም ለእሷ የተነሳ ይመስል እጇን ታነሳለች።

በኢድ ከሰዓት በኋላ፣ በፋሲካም፣ የሰፈሩን ልጅ ጠቅጥቆ ወደ አርዲቦ ይወስዳቸው ነበር። ዳገቱን ሲወጡ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ፋና ሁልጊዜ ታስመልሳለች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፋና «በሉ አሁን ዝም፤ ውሃው ይሰማችኋል» ይላል። ዝም ይላሉ። ውሃ ይሰማ አይሰማ ሒክማ ዛሬ አታስታውስም። ያ ዝምታ ግን እንደ ማር ምላሷ ላይ ቀርቷል።

በ2014 ጥቅምት ሰው ልጁን አዝሎ ሲሰደድ ኑርዬ በሐይቅና በደሴ መሀል እየተመላለሰ ያገኘውን ሁሉ ጫነ። ሒክማንና እናቷን አሚናትን ያወጣቸውም እሱ ነው። ደሴ መናኸሪያ አውርዷቸው «መንገድ ላይ የቀሩ አሮጊቶች አሉ፤ መጣሁ» ብሎ ተመለሰ። አልመጣም። መንገዱ ዳር ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሚኒባሷ ተገልብጣ ነበር። ፈልገው ያገኙት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ወገቡ ከዚያ ወዲያ አልታዘዘውም።

መጀመሪያ ሰሞን ሹፌር ጓደኞቹ ይጠይቁት ነበር። ኋላ ግን ጦርነቱም መንገዱም በየፊናው በተናቸው፤ አንዳንዶቹም እሱን ማየት ከብዷቸው ቀሩ። ኑርዬ ደጃፍ ተቀምጦ ከአስፋልቱ የሚመጣውን የሞተር ድምፅ ያዳምጣል። «ይሄ የጁማ ነው፤ ማርሽ ሲለውጥ ያስላል» ይላል ለራሱ።

አሁን ያ የጁማ ኤፍ ኤስ አር መንገዱ መሀል ተገትሯል። ኑርዬ በጎኑ ሲያልፍ ከላይ አንድ ጩኸት ተሰማ።

«ኑርዬ! ወላሂ ኑርዬ ነው!»

ጁማ በሩን በርግዶ ዘለለ። አሁን ከንፈሩን ሊመጥ ነው አለች ሒክማ በልቧ። ጁማ ግን ከንፈሩን አልመጠጠም። ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው።

«አንተ ሌባ! ክሬኔን ወስደህ ጠፋህ አይደል? ጎማ በቀየርኩ ቁጥር እኮ ነው የምረግምህ!»

«ክሪክ በል!» አለ ኑርዬ። «ስሙን እንኳ ሳታውቅ ነው መኪና የምትነዳ?»

ከኋላ ካለው አውቶቡስ ጋሽ ዋለ ወረዱ። የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ኑርዬን መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አጎንብሰው ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት። ሌላ ሚኒባስ ተከፈተ፣ ሌላ ባጃጅ። መንገዱ ዝግ ነውና የሚቸኩል የለም። ያን ሁሉ ጊዜ እየተላለፉ «ሰላም ነው?» ሳይባባሉ የቆዩ ሰዎች በመኪና መጨናነቁ ምክንያት አንድ ቦታ ተገናኙ። ሒክማ ከበሩ ሆና አጎቷ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲስቅ አየች። ያን ሳቅ የሰማችው መቼ ነበር?

ጁማና ጋሽ ዋለ ወንበሩን ግራና ቀኝ ብድግ አድርገው፣ ድልድዩ ላይ የቆሙትን መኪኖች እያለፉ በሩ ድረስ አመጡት። ሒክማ ካለችበት ጥቂት ራቅ ብለው አወረዱት።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ኑርዬ ለሙዘይን። «በእጅ ብቻ የሚነዳ መኪና አላችሁ ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ወአለይኩም ሰላም። አለን፣ ጋሼ። አለን፤ ግን…»

ሙዘይን ወደ ግቢው ዞረ። ሁሉም አብሮት ዞረ። መኪናው አለ፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሪባን የታሰረለት። ከፍ ባለ የእንጨት መድረክ ላይ ነው የቆመው። መድረኩ ደግሞ መውጫው ደረጃ ብቻ ነው። ሙዘይን አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እስካሁን ያላየው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

«እንዳናወርደው መንገዱ ተዘግቷል፤ መውረጃውን ይዞ የሚመጣው መኪናም እዚያው ተይዟል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከማን ጋር ነው የመጡት? የሚያግዝዎት ቤተሰብ አለ?»

ኑርዬ ዓይኑን አነሳ። ትሪ ይዛ የቆመችውን ሒክማን አያት። የሰፋትን ሰማያዊ ቲሸርት፣ አጠገቧ ያሉትን የክፍል ልጆች አየ። ከዚያ እንደማያውቃት ሁሉ ዓይኑን መለሰ።

«ብቻዬን ነኝ» አለ።

 ቅድም ሒክማ «አይደለም» ስትል ኑርዬ አልሰማትም፤ ከሩቅ ነበር። ግን ሰምቷታል። ምናልባት ዛሬ ሳይሆን ከዛሬ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ሰምቷታል።

«ከኔ ጋር ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ስለወጣ ደገመችው። «ከኔ ጋር ነው። አጎቴ ነው።»

ሙዘይን ግራ ገባው። «ሒክማ፣ እንግዶቹ እኮ ደረሱ። በሩን ማን ሊይዝልኝ ነው? ከሄድሽ ደግሞ የከሰዓቱ…»

«አውቃለሁ።»

ፋና ትሪውን ከእጇ ተቀበለቻት። «በሩን እኔ እይዘዋለሁ» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «አትሄጂም ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ፣ አንቺ» አለቻት።

ሒክማ ከወንበሩ ኋላ ሄዳ እጀታውን ያዘች። ጠጠሩ እንዳለችው ነበር፤ ጎማው ይሰምጣል፣ ይጣመማል። እየገፋች፣ ጁማ ከፊት እየጎተተ፣ መድረኩ ስር ደረሱ። እዚያ ጁማና ጋሽ ዋለ አነሱት። ሒክማ እግሮቹን ያዘች። እንዲህ ቀላል ናቸው ብላ አስባ አታውቅም።

መሪው ፊት ሲያስቀምጡት ኑርዬ እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገና መሪውን ያዘ። ሙዘይን በመስኮት እጁን አስገብቶ ፍጥነት የሚሰጠውንና የሚያቆመውን የእጅ ዘንግ አሳየው፤ አንድ ቁልፍም ተጫነለት። መብራት በራ። ኑርዬ ጠበቀ።

«አስነሳው እንጂ» አለ።

«ተነስቷል እኮ፣ ጋሼ።»

ኑርዬ ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠጋ። «ድምፅ የለውም?»

«የለውም።»

«ታዲያ ሲያመው በምን ያውቁለታል?»

ጁማ ከት ብሎ ሳቀ። ሙዘይንም ላቡን እየጠረገ ሳቀ። ኑርዬ ግን የምሩን ነበር። አውራ ጣቱን ጥሩምባው ላይ አሳረፈና ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም አድርጎ ነፋ። የአባዱላዋ ጥሪ ነበር። የአዲሱ መኪና ድምፅ ቀጭን ቢሆንም ከአስፋልቱ አንድ ሚኒባስ መለሰ። ከዚያ አውቶቡስ መለሰ። ከዚያ መንገዱ ሙሉ፣ ከገበያው እስከ ውጫሌ መታጠፊያ፣ ጠዋቱን ሲሰዳደብበት በዋለው ጥሩምባ ሰላምታ መለሰለት።

ኑርዬ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። 

«ይበቃኛል፤ አውርዱኝ» አለ በመጨረሻ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዋለና ሌሎቹ ሹፌሮች መኪናቸውን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሳቡ መንገዱ ተፈታ። ፋና ከክፍል ልጆች ጋር በአዲሱ መኪና ስታልፍ ከመስኮቱ እስከ ወገቧ ወጥታ እጇን አውለበለበች። ሒክማ ቅር አላት፤ ቅር አላለኝም ብትል ውሸት ነው። መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ አየችው።

«መኪናው ጥሩ ነው» አለ ኑርዬ። «ያቺን አባዱላዬን ግን አይሆንም።»

«አይሆንም» አለች።

እየገፋችው ወደ ቤት ጥቂት ሄዱ። «ለምን ብቻዬን ነኝ አልክ?» አለችው።

«ሥራ ላይ ነበርሽ።»

«ለሱ አይደለም።»

 «ድሮ ከመኪናዋ ስትወርጂ ሰው ሁሉ እስኪያይሽ በሩን ይዘሽ ትቆሚ ነበር። ረዳቴ ይናደድብሽ ነበር» አለና ሳቀ። «ሰው እንዲያይሽ የምትወጂ ልጅ ነበርሽ። አሁን ደግሞ እንዳያይሽ ትወጃለሽ። ዕድሜ ነው፤ አብሽሪ።»

ሒክማ ፊቷን ስለማያየው ደስ አላት።

ከከተማው መግቢያ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል ያለው ቀጭን የውስጥ መንገድ በአጥሮች መሀል አልፎ ቤታቸው ጓሮ ያደርሳል፤ ሰው አይበዛበትም። አስፋልቱ ደግሞ በሱቆቹ፣ በመናኸሪያው፣ የትምህርት ቤቷ ልጆች ከሰዓት በኋላ በሚሰበሰቡበት ጁስ ቤት ፊት ለፊት ያልፋል። ኑርዬ ልማዷን ያውቃልና የግራውን ጎማ በእጁ ያዝ አድርጎ ወንበሩን ወደ ውስጥ ለማዞር ተዘጋጀ።

ወንበሩ አልዞረም።

«በዚያ ነው እንዴ?» አለ። «ልጆቹ ሁሉ እዚያ ናቸው እኮ፣ ሒኩ።»

«አይቻቸዋለሁ» አለች።

ጁስ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ልጆች ዞሩ። ከሱቁ ደጅ አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። ከኋላቸው አንድ ባጃጅ መንገድ እንዲለቁለት ጥሩምባውን ነፋ። ሒክማ ወንበሩን ወደ ዳር አስጠጋችና ሳትቸኩል መግፋቷን ቀጠለች።