ብርድ የገባው ኦርጋን

የኦርጋን ተጫዋቻችን ስቴይንቶር የሞተው በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከኦርጋኑ ሰገነት በሚወርደው ደረጃ ግርጌ ተዘርሮ ተገኘ። የሹራቡ አንገትጌ እስከ ደረቱ ተተርትሯል። ደረጃ ሹራብ አይተረትርም፤ ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍትሮታል።

የተራራው መንገድ በበረዶ ስለተዘጋ መርማሪዋ ኦድኒ እሑድ ጠዋት በዓሣ አጥማጆች ጀልባ መጣች። ሰባት ሰዓት ሙሉ ስታስመልስ ነው የመጣችው። እኛ የሀምራቪክ ሰዎች ደግሞ እሷ እስክትደርስ ገዳዩን ለይተን፣ ሻንጣውን አሸክፈን ጠበቅናት። ደሟን ያፈላው ይኼ ነው።

«ኤይቪንዱርን ይዘሽው ሂጂና እንገላገል» አሏት ቄስ አርንግሪሙር፣ ገና በር ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ። «የቤተ ክርስቲያናችን ጠባቂ ነው። በማሞቂያው ሰበብ ከስቴይንቶር ጋር ሃያ ዓመት ተነታርከዋል። ባለፈው ሳምንት ‹ከዚያ ሰገነት ነው የማወርድህ› ሲለው መዘምራኑ በሙሉ ሰምተዋል።»

«ሌላው ሰው የት ነበር?»

«ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አስራ ሁለት አዳራሽ ውስጥ፣ የመዘምራኑ የኬክ ግብዣ ላይ። አንድም የወጣ የለም። አስር ሰዓት ላይ ኦርጋኑን ሁላችንም ሰምተነዋል። መምህር ያልማር ነው መስኮቱን ከፍቶ ‹ስሙ፣ የኔን ቅዳሴ እየተለማመደው ነው› ያለን። እንግዲህ ስቴይንቶር ያኔ በሕይወት ነበር። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ያልነበረው ኤይቪንዱር ብቻ ነው።»

ያልማር የትምህርት ቤታችን መምህር ነው። ለኦርጋንና ለመዘምራን የሚሆን አንድ የቅዳሴ ዜማ ሲደርስ አስራ አንድ ዓመት ፈጅቶ፣ በዘንድሮው ፋሲካ ሊያሰማን ነበር።

«ስቴይንቶር ቅዳሴውን ወዶለት ነበር?»

ቄሱ አንገታቸውን አከኩ። «አርብ ዕለት ‹ይኼንን አልጫወትም› ብሎኝ ነበር። ሐሳቡን ለውጦ ይሆናላ።»

«ሬሳውን ማን አገኘው?»

«እሱው ያልማር። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ‹ኬኩ ሳያልቅ ልጥራው› ብሎ በመኪናው ሄደ።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ከአዳራሹ ስንት እርምጃ ነው?»

«ሃምሳ ቢሆን ነው። የያልማር ነገር! ከመኝታው እስከ ማዕድ ቤቱም መኪና ቢገባለት ደስታውን አይችለውም።»

ኤይቪንዱርን ወጥ ቤቱ ውስጥ አገኘችው። ፊቱ ደረቅ ዓሣና ቅቤ ቀርቧል፤ አልነካውም።

«የመቃብሩን በረዶ እየጠረግሁ ነበር» አላት። «ማን አየህ ካልሽኝ ሙታኑ።»

«ማሞቂያውን መቼ ከፈትከው?»

«አርብ ማታ፤ ለእሑድ ሁልጊዜ አርብ ማታ ነው። ያ የድንጋይ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ካልተለፋበት አይሞቅም። በአዘቦት ቀን ዝግ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ልምምዱ በካፖርት ነው፤ ስቴይንቶርም ‹ጣቴን አደነዘዝከው› እያለ ሲሰድበኝ ነው የኖረው።» ሳህኑን ገፋው። «አሁን ማን ይሰድበኛል? ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንግዲህ እስር ቤት ልሙት።»

ኦድኒ አመነችው። ግን እምነት ማስረጃ አይሆንም። ያን ቀን አስራ ስድስት ሰው አነጋገረች፤ አስራ ስድስቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጧት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት። አስራ ሰባተኛዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የምትኖረው እማማ ዮፍሪዱር ነበረች። ዘጠና ዓመቷ ነው፤ ዓይኖቿ ከጠፉ ቆይተዋል። ስቴይንቶርን በልጅነቱ ኦርጋን ያስተማረችው እሷ ናት።

«ኦርጋኑ በርዶት ነበር» አለች አሮጊቷ።

«እንዴት ነው የሚበርደው?»

«የኦርጋን ቱቦ ሲበርደው ድምፁ ከቅኝቱ ይወርዳል፤ ሲሞቀው ከፍ ይላል። ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሆኜ የሰማሁት ወርዶ ነበር። ለቄሱ ብነግረው ‹እማማ፣ ጆሮሽ አርጅቷል› አለኝ። የሱ ጆሮ እንደሆነ ሲወለድም አርጅቶ ነው የተወለደው።»

ኦድኒ ራሷ በከተማዋ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። እዚህ አገር የማይዘምር ሰው ወይ ታሟል ወይ ከመዘምራን መሪው ተጣልቷል። ስለዚህ አሮጊቷ ያለችው ወዲያው ገባት፤ ገብቷትም ተናደደች። ኦርጋኑ በርዶት ከነበረ ማሞቂያው ዝግ ነበር ማለት ነው። ዝግ ከነበረ ደግሞ ኤይቪንዱር ዋሽቷል። ልታድነው ያገኘችው ነገር ገመዱን አጠበቀበት። ባለጀልባው ‹ነገ እሄዳለሁ፣ አልጠብቅሽም› ብሏታል። የበረዶውን ክምር በእግሯ መታችና ወደ ቄሱ ተመለሰች።

«ቄስ፣ ቅዳሜ ሬሳው ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ምን አደረጉ?»

«ካፖርቴን አውልቄ አለበስኩት።»

«አልበረደዎትም?»

«ምን ይበርደኛል! ላብ ነበር ያጠመቀኝ።»

ኦድኒ ሀምራቪክ ከደረሰች ወዲህ ያኔ ገና ሳቀች። ከዚያ የያልማርን መኪና ልትፈትሽ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንንም ቤተ ክርስቲያን ሰበሰበችን። ማሞቂያው እንደተከፈተ ነው። ኤይቪንዱር ሻንጣውን ይዞ መጣና የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ኤይቪንዱር አልዋሸም፤ እማማ ዮፍሪዱርም አልተሳሳቱም» አለች። «አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቄሱን በላብ ያጠመቀ የድንጋይ ቤት አስር ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ሊሆን አይችልም። እማማ የሰሙት ግን የበረደው ኦርጋን ነው። ስለዚህ የሰማችሁት የቅዳሜውን ኦርጋን አይደለም። ማክሰኞ፣ በብርድ፣ በቴፕ የተቀዳውን ነው።»

ከጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ገለጠች። ትልቅ ቴፕና ድምፅ ማጉያ ነበር።

«ያልማር መኪና ውስጥ አገኘሁት። ማክሰኞ ስቴይንቶርን ሲጠብቅ ቀድሞ ስለከፈተው የቴፑ ክር መጀመሪያ ከአንድ ሰዓት በላይ ባዶ ነው፤ ዜማው ከዚያ ይቀጥላል። ያልማር ስቴይንቶርን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ገፈተረው። ይኼን ሰገነቱ መስኮት ሥር ከፍቶት ወደ ኬኩ ሄደ። ሰዓቱ ሲደርስ የአዳራሹን መስኮት ራሱ ከፈተላችሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሊወስደው ተመለሰ፤ ከባድ ስለሆነ ለሃምሳ እርምጃ መኪና አስፈለገው።»

«ማክሰኞ መቅዳቴ ወንጀል ነው እንዴ?» አለ ያልማር። «ስቴይንቶር ቅዳሜም ያንኑ ዜማ ተጫውቶታል። ክሩ ደግሞ አርጅቷል፤ የቴፕ ድምፅ ይወርዳል።»

«ስቴይንቶር ሳይጀምር ብርድ የማይለውጠውን የመቃኛ ብረቱን መምታት ልማዱ ነበር። ክሩ ላይም አለ። ብረቱና ኦርጋኑ አብረው ቢወርዱ ክሩ ነው እንላለን። ስሙ።»

ቴፑን ከፈተች። የብረቱ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የኦርጋኑ። ኦርጋኑ ከብረቱ በታች ወርዷል። ከዚያ ሰገነቱ ላይ ወጥታ፣ ከሟቹ ኪስ የተገኘውን ያንኑ ብረት መታችና የኦርጋኑን ቁልፍ ተጫነች። ሁለቱ ገጠሙ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ዞረው ያልማርን አዩት።

ያልማር ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ አሁንም ያዳምጣል።

«ያው ነው» አለ። «ምን ልዩነት አለው?»

ሁላችንም ልዩነቱን እንደሰማነው ከፊታችን አነበበና ቅስሙ ሲሰበር አየነው።

«‹ጆሮ የለህም› አለኝ» አለ። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለፋበት፣ በአንዲት ቃል። አንገቱን ያዝኩት። እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«ክሩን ለምን አላጠፋኸውም?»

«ሰው የተጫወተልኝ አንዴ፣ ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት ላጥፋው?» ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እማማ፣ እውነት ይለያያሉ?»

«ይለያያሉ፣ ልጄ» አለችው ዮፍሪዱር።

ኦድኒ ክንዱን ይዛው ወደ ጀልባው ወረዱ። ኤይቪንዱር ሻንጣውን ወንበሩ ላይ ትቶ፣ እንደ ልማዱ ማሞቂያውን ሊያጠፋ ሄደ። እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ ቆይቶ ሳይነካው ተመለሰ። ስቴይንቶርን እስክንቀብረው ድረስ አላጠፋውም።