ከጭጋጉ በኋላ ሠላሳ ቀን

ለሚመለከተው ሁሉ፦

ሰኔ አስራ ስድስት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ በሰላላ ከተማ በጎብኚዎች መረጃ ክፍል ደጃፍ፣ በሙሰለም ቢን በኺት አፍንጫ ጫፍ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ማረፉን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ምስክሮች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ራሱ ሙሰለም፣ ሁለተኛዋ የጎረቤት ፍየል።

ይህን ዜና የሚንቅ ሰው የእኛን አገር አያውቅም። በሰኔ ከኩዌት እስከ ማስቀጥ ሰው በየቤቱ እየቀለጠ ሳለ፣ ባሕሩ ጭጋጉን ለእኛ ተራሮች ብቻ ይልካል። ሦስት ወር ካፊያ ነው፤ ኸሪፍ እንለዋለን። ያኔ ግማሹ ዓረብ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ምንጣፉን መኪና ላይ ጭኖ ሺህ ኪሎ ሜትር በረሃ ያቋርጥና እኛ ዘንድ መጥቶ ይበሰብሳል። ጃንጥላ የሚይዝ የለም። ለመበስበስ ተመጥቶ ጃንጥላ መያዝ ነውር ነው።

ሙሰለም አፍንጫውን ሳይጠርግ ወደ ውስጥ ገባና ከበረሃው ማዶ ወዳለችው ኒዝዋ ከተማ ደወለ።

«ወደቀ» አለ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለች ከወዲያ የሴት ድምፅ፤ የብዕር ክዳን ሲከፈት ተሰማው።

የድምፁ ባለቤት ዙዋይና ትባላለች። የሃያ ስድስት ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ከዚያ በላይ ግን የአባቷ ዕቅድ ጸሐፊ ናት። አባቷ ኡስታዝ ኸልፋን ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጂኦግራፊው ግን አልወጣላቸውም። በየዓመቱ ከየካቲት ጀምረው የሰላላን ጉዞ ያቅዳሉ። ሰንጠረዡ የየቀኑ ሙቀት፣ የየመንገዱ ርዝመት፣ የየፏፏቴው መጎብኛ ሰዓትና ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ሁሉ አለበት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በቤቱ ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ አባት፣ ልጅና ሰንጠረዥ።

በየካቲት ዙዋይና መረጃ ለማጣራት ስትደውል ስልኩን ያነሳው ሙሰለም ነበር። አርባ ሦስት ጥያቄ ይዛ ነበር የደወለችው። አንደኛው፣ የመጀመሪያው ካፊያ በስንት ቀን እንደሚጀምር ነበር።

«እህቴ፣ ጭጋግ ቀጠሮ አይዝም» አላት።

«ቀኑን ካልሞላሁ አባቴ አይፈርምበትም።»

«እንግዲያው "አላህ ሲፈቅድ" ብለሽ ሙዪው።»

«ለሱ አምድ የለውም» አለች፤ እውነትም ሰንጠረዡን አገላብጣ አይታ ነበር።

ሳቀ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳያነሱ ሩብ ሰዓት አለፈ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትደውል ጀመር። እሱም የዕቅዱን ስህተት ያርምላት ያዘ፤ የደርባት ፏፏቴ በሐምሌ መጀመሪያ ገና እንደማይወርድ፣ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ኮኮናት ከሚሸጡት ድንኳኖች የመጨረሻው እንደሚሻል ነገራት። ቀስ በቀስ ያልተጠየቀውንም መናገር ጀመረ። በየትኛው ኩርባ ላይ ሞተር አጥፍቶ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚገባ ለምሳሌ። በሚያዝያ ላይ «እህቴ» ማለቱን ተወ። ማንም አላወጀውም፤ ቃሉ በራሱ ጊዜ ቀረ። ዙዋይና አስተውላለች፤ ግን ለሱም አምድ አልነበረውም።

በሐምሌ መጡ።

የዕቅዱ ሦስተኛ ቀን፣ ተራ ቁጥር አራት፦ «መኪና ሽቅብ የሚሄድበት ቦታ፣ ሃያ ደቂቃ።» ከሚርባት መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ማርሹን ነፃ አድርገው ፍሬኑን ሲለቁት መኪናው ዳገቱን በራሱ ይንከባለላል። ኸሪፍ ሲደርስ ሙሰለም እዚያ ተራ አስከባሪ ሆኖ ይመደባል፤ መኪና ሽቅብ ሲንከባለል እንዲያይ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ከሱ ሌላ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ኡስታዝ ኸልፋን ተራቸው ሲደርስ ከመኪና ወረዱ፣ የግንበኛ ውኃ ልክ ከኪሳቸው አወጡ፣ አስፋልቱ ላይ አጋደሙትና በርከክ ብለው አዩ። ከኋላ አስራ አንድ መኪና ጡሩምባ ይነፋል።

«የዓይን ስህተት ነው» ብለው ለተሰለፈው ሕዝብ አስታወቁ። «መንገዱ ቁልቁል ነው።»

አንዱ የኩዌት ጎልማሳ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሼባ፣ ሁለት ቀን የነዳሁት ሽቅብ ለመሄድ ነው፤ ተወኝ» አላቸው።

ሙሰለም ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጎቴ፣ ልክ ነዎት። ለሰው ብቻ አይንገሩብኝ። ማርሹን ነፃ ያድርጉልኝ።»

ዙዋይና ይህን ድምፅ አምስት ወር ሰምታዋለች። መስተዋቱን ዝቅ አደረገች።

«እዚህ ሃያ ደቂቃ ይበቃል ያልከው አንተ ነህ?»

ሙሰለም አያት። ካፊያው በሽፋሽፍቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የአስራ አንዱ መኪና ጡሩምባ አንድ ላይ ሆኗል፣ እሱ ግን አሁንም ያያታል። እሷም ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«ተሳስቻለሁ መሰለኝ» አለ በመጨረሻ።

በአምስተኛው ቀን ዕቅዱ ወደ ምዕራብ፣ ከሙግሴል ወዲያ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣውን መንገድ ያዝዝ ነበር። ኡስታዝ ኸልፋን ሙሰለምን በእረፍት ቀኑ «የመረጃ ምንጭ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ጭጋጉ እንደ ግድግዳ ቆመ። የመኪናው አፍንጫ እንኳ አይታይም። በግራ በኩል ገደል ነው፣ ከታች ባሕር።

«ሰንጠረዡ ላይ እይታው ሁለት መቶ ሜትር ነበር» አሉ ኡስታዝ፣ ጭጋጉን እንደ ሰነፍ ተማሪ እየተቆጡት።

ሙሰለም ወርዶ በገደሉ ጠርዝ ልሂድና ድምፄን እየሰሙ ይንዱ አላቸው። ኡስታዝ መንገድ ሁለት ጠርዝ እንዳለው፣ አንድ ድምፅ ደግሞ አንዱን ብቻ እንደሚያሳይ ማስረዳት ጀመሩ። አስረድተው ሳይጨርሱ የዙዋይና በር ሲዘጋ ሰሙ።

እንዲህ ሄዱ፤ እሱ በገደሉ በኩል፣ እሷ በተራራው በኩል፣ መኪናው በመሃላቸው በእግር ፍጥነት።

«አለሁ» ይላል እሱ።

«አለሁ» ትላለች እሷ።

አይተያዩም። ግመል አንዴ በመሃል አለፈች፤ እሷም ደህና ነበረች። አባትየው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ለአባት በሚገባው ቦታ፣ ልክ መሃል ላይ ነበሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ኋላ መንገዱ ሰፋ፣ ጭጋጉም ሳሳ፤ አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ድምፆቹ ግን አልቆሙም።

«አለሁ።»

«አለሁ።»

ኡስታዝ ኸልፋን ሰሙ። ጡሩምባውን አንዴ ብቻ ነፉ።

በሳምንቱ የሙሰለም አጎት ሐልዋ የተባለውን ጣፋጭ አንድ ዕቃ ይዞ እንደ ደንቡ ወዳረፉበት ቤት ሽምግልና ሄደ። የሙሰለም እናት ጡፉል ሐሳቡን አልወደዱትም ነበር።

«ከጭጋግ ጋር የመጣ ከጭጋግ ጋር ይሄዳል» አሉት። «አርባ ዓመት አይቻቸዋለሁ፣ ልጄ። በሐምሌ "ምነው እዚህ በኖርን" ይላሉ፣ በመስከረም ምንጣፋቸውን ይጠቀልላሉ።»

ኡስታዝ ኸልፋን ሽማግሌውን በክብር ተቀበሉ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እሺ ያለ አባት የሚከፍተውን የሐልዋውን ክዳን ግን አልከፈቱም። ከዚያ የአየር ጠባይና የአየር ንብረት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዱ። ሳምንት የሚቆየው ጠባይ ነው። ንብረት ለማለት ሠላሳ ዓመት መለካት አለበት።

አጎትየው ግራ ተጋብቶ ተመለሰ። «እምቢም እሺም አላሉም» አለ። «ሠላሳ ዓመት ጠብቁ ነው የሚሉት።»

«ሰውየው አእምሮ አላቸው» አሉ ጡፉል።

ኡስታዝ ያላስረዱት ነገር ነበር። ኒዝዋ ያለው ቤታቸው ማታ ማታ ሁለት መስኮት ያበራል፤ አንዱ የልጅቷ ነው። ዙዋይና ይህን ታውቃለች። ሲመለሱ በረሃው መሃል፣ «አባዬ፣ ትክክለኛውን ምክንያት ንገረኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ስለ እርጥበት ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል አስረዷት። ሐልዋው እንደተከደነ የኋላ ወንበር ላይ ነበር።

ቤት እንደገቡ ዙዋይና ለሚመጣው ዓመት ዕቅድ የየዕለት መረጃ እንደሚያስፈልግ አስታወቀች። በግምት መሥራት ነውር ነው እያሉ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ በገዛ ትምህርታቸው ተያዙ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ይደረጋል። እሷ ትጠይቃለች፣ ሙሰለም ይመልሳል፣ አባት ይጽፋሉ። ሙቀት፣ ንፋስ፣ የእይታ ርቀት። ሌላ ቃል የለም።

«የእይታ ርቀት?» ትላለች።

«ዛሬ ማየት የምፈልገው አይታይም።»

«ዜሮ» ብለው ይጽፋሉ አባት።

በመስከረም ጭጋጉ ተነሳ። ጎብኚ ምንጣፉን ጠቀለለ፣ ድንኳኖቹ ፈረሱ፣ የመረጃ ክፍሉም ተዘጋ፤ የሙሰለም ሥራ በዚያው አበቃ። ስልኩን መቁረጥ የማንም ኃላፊነት ስላልነበረ አልተቆረጠም። ቁልፉንም መቀበል የማንም ኃላፊነት አልነበረም።

ይህን ጊዜ ሰርብ እንለዋለን፤ ለጎብኚ የማንነግረው ወቅት ነው። ፀሐይ ይወጣል፣ ተራራው እስከ አናቱ አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ አበባ ይሞላዋል። በጭጋጉ ወራት ተከልሎ የቆየው ሣር ለከብት ይከፈታል። ሙሰለምም የእናቱን ላሞች ይዞ ወደ ላይ ወጣ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ላሞቹን ትቶ ይወርዳል፣ የተዘጋውን ክፍል ይከፍታል፣ ወንበሮቹ ስለተወሰዱ ካርቶን ላይ ይቀመጣል፣ ስልኩ እስኪጮህ ይጠብቃል።

«ላሞቹስ፣ ማን ይደውልላቸው?» ይሉታል እናቱ። አንድ ቀን ደግሞ ቀልዱን ትተው፣ «ልጅቷ የወደደችው ጭጋጉን ነው። አሁን ፀሐይ ነው። ምን ልትነግራት ነው?» አሉት።

«ፀሐይ ነው እላታለኋ።»

ዙዋይና ክፍሉ መዘጋቱን በመጀመሪያው ቀን አውቃለች፤ ድምፁ ባዶ ቤት ውስጥ ያስተጋባ ነበር። ለአባቷ አልነገረችም። አንድ ቀን ሙሰለም የታመመች ጥጃ ይዞ ወርዶ ኖሮ፣ በሙቀቱና በንፋሱ ጥያቄ መሃል ጥጃዋ ጮኸች።

ኡስታዝ ብዕራቸውን አነሱ። «መንግሥት ቢሮ ውስጥ ላም ምን ትሠራለች?»

«ባለጉዳይ ትሆናለች፣ አባዬ።»

አሰቡበት። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና አመኑ።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ጠዋት ኡስታዝ ኸልፋን ለትጉህ ሠራተኛ ምስጋና በጽሑፍ እንዲደርሰው ብለው፣ ዙዋይና ትምህርት ቤት ሳለች ወደ ሰላላ ማዘጋጃ ቤት ደወሉ። ያነሳው ሰው ክፍሉ መስከረም አስራ አንድ ቀን መዘጋቱን ነገራቸው።

«ሙሰለም በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ስልክ ያነሳል እኮ» አሉ።

«ኡስታዝ፣ ወንበር እንኳ የለበትም። ላሞቹ ጋ ነው ያለው።»

ስልኩን ዘጉ። ደብተሩን አወጡ፣ ከመስከረም አስራ ሁለት ጀምረው በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ቆጠሩ። ሙቀት፣ ንፋስ፣ እይታ። ሙቀት፣ ንፋስ፣ እይታ። የጎደለ ቀን የለም። ደግመው ቆጠሩ። ሠላሳ ነበር።

ዙዋይና ስትገባ ደብተሩ ተዘግቶ አገኘችው። «ጠዋት ከፀሐይ በፊት እንነሳለን» አሏት። ወዴት እንደሆነ አልተናገሩም። በማግሥቱ በረሃውን አጋምሰው ነዳጅ ሲቀዱ ነው ያስተዋለችው፤ ሰንጠረዡን አላመጡትም። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሐልዋው ብቻ ነበር። ጥሩ ሐልዋ አራት ወር ይቆያል፤ ይኼኛው ሦስተኛውን እየጨረሰ ነው።

በዚያ ቀን ጡፉል ልጃቸው በየቀኑ የሚሄድበትን ጉድ በዓይናቸው ለማየት ብለው አብረውት ወርደው ነበር። የክፍሉ ደጃፍ ላይ ክንዳቸውን አጣምረው ቆመዋል። አስር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«የሙቀት መጠን?» አለች ዙዋይና።

«ሃያ ስምንት።»

«ንፋስ?»

«ከሰሜን። ከእናንተ በኩል።»

«የእይታ ርቀት?»

ሙሰለም በተከፈተው በር አሻግሮ አየ። «እስከ ባሕሩ ድረስ ጥርት ያለ ነው። መንገዱ ባዶ ነው።» ከካርቶኑ ተነሳ። «አንድ ነጭ መኪና ብቻ ይታየኛል።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

የእነሱ መኪና መስሎት እንዳይሆን ዓይኑን አሸ። «ሽቅብ ይመስላል» አለ።

መኪናው ደጃፉ ላይ ቆመ። ዙዋይና ወረደችና በሩን እንደያዘች ቀረች፤ ሁለቱም ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም፣ በመካከላቸው አስር እርምጃ ነው ያለው።

«አለሁ» አለች በስልኩ።

ኡስታዝ ኸልፋን ሐልዋውን አቅፈው በመሃላቸው አለፉ። ወደ ውስጥ ገብተው ባዶውን ክፍል አዩ፣ ካርቶኑን አዩ፣ ተቀመጡበት። ክዳኑን ከፈቱ። አንድ ጉርሻ በሦስት ጣታቸው አንስተው ቀመሱ፣ ከዚያም ዕቃውን ወደ ጡፉል ገፋ አደረጉላቸው።

ጡፉል ሐልዋውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ።

«ኡስታዝ» አሉ፣ «ጭጋጉ ከሄደ ወር አለፈው። በዚህ ጊዜ የሚመጣ ጎብኚ አይቼ አላውቅም። ምን እግር ጣልዎ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ወንዝ ለምን እንደሚጠማዘዝ፣ ንፋስ ከየት እንደሚነሳ ያስረዱት ሰው፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆሙ ሁሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በደጃፉ የተሰበሰብን ጎረቤቶች ሁሉ ጠበቅን። ዙዋይናም በልጅነቷ የክፍል ወንበር ላይ ትቀመጥ እንደነበረው ቀና አለች።

«አላብራራም» አሉ ኡስታዝ ኸልፋን፣ ሁለተኛውን ጉርሻ እያነሱ።