የወይዘሮ ተናኜ ቦይ

ኅዳር ሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት በታንዛንያ ሜዳ ላይ ደመናው ከምሥራቅ ተከምሮ ነበር፤ የሜዳ አህያውም መንጋ ወደ ከፍታው ያዘግም ነበር። ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ ካለችው ከሬሖቮት ከተማ፣ ከክፋር ማርሞሬክ ሰፈር የመጡት ወይዘሮ ተናኜ ይህን ልብ ብለው አዩ፤ ስድሳ ስምንተኛ ዓመታቸውን እንዲያከብሩ ያመጣቻቸው ልጃቸው ሊራዝ ግን ሰማዩን አላየችም።

ማረፊያው የባለጸጎች ነበር፤ ድንኳኖቹ የእንጨት ወለል፣ ሰፊ አልጋና የነሐስ ገንዳ ነበራቸው። ወይዘሮ ተናኜ ግን ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ሊራዝ ያልወደዱት መስሏት፣ በዕብራይስጥ ቤሰደር፣ ማለትም እሺ፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን አለቻቸው። ያን ጊዜ እናት ሠላሳ አምስት ዓመት የሸሸጉትን ተናገሩ።

«ወደ ኢየሩሳሌም ስንጓዝ ሱዳን ላይ ዘጠኝ ወር በድንኳን ኖሬአለሁ። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ገባብን፤ ወንድምሽ ደሴ በዚያ ብርድ ታሞ ሞተብኝ። ሁለት ዓመቱ ነበር።»

ሊራዝ ወንድም እንደነበራት አታውቅም ነበር፤ አለቀሰችና ወደ ቤት እንመለስ አለች።

«አንመለስም» አሉ ወይዘሮ ተናኜ። «እንገባለን። መጀመሪያ ግን ድንኳኑ የተተከለበትን መሬት ልየው።»

ዞረው ቢያዩ፣ ከድንኳኖቹ በላይ የደረቀ ደለልና ቁልቁል የተኛ ሣር አገኙ፤ አሮጌ የውሃ መንገድ ነበር። በሊራዝ አስተርጓሚነት ለማረፊያው ኃላፊ ነገሩት፤ እሱም በአክብሮት፣ እዚህ ጎርፍ ገብቶ አያውቅም ሲል መለሰ። አልተከራከሩትም፤ ዶማ አስመጥተው፣ ነጠላቸውን አገልድመው መቆፈር ጀመሩ። ቦዩን በጎን ወዳለው ደረቅ ወንዝ አግድም እያስኬዱ፣ አፈሩን በድንኳኑ በኩል እየደለደሉ ሲሠሩ ኃላፊው ጥቂት አየና ሠራተኞቹን ሁሉ ጠራ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጨረሰ።

እናትና ልጅ በአንድ አልጋ ተኙ፤ ወይዘሮ ተናኜም ደሴ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ እሱን ከቀበሩ በኋላ በተዋሱት ዶማ በየጎረቤቱ ድንኳን ዙሪያ ቦይ ሲቆፍሩ መክረማቸውን አወጉ። ጎህ ሲቀድ ዝናቡ ወረደ፤ ጎርፉ እስከ ጉልበት ሞልቶ መጣ፤ የተደለደለውን አፈር መታና ወደ ደረቁ ወንዝ ዞረ። አንድም ድንኳን አልነካም።

የዚያ ስደት ታሪክ ስደተኞቹን ከሱዳን ያወጡትን አውሮፕላኖችና የመንግሥታቱን ስምምነት በቀን በቀኑ ጽፎ አኑሯል፤ በሱዳን ሜዳ፣ ልጃቸውን በቀበሩ ማግስት የሌላ ሰው ልጅ እንዳይሞት ዶማ ስላነሡ እናቶች ግን አንድ መስመር አልጻፈም። በእነዚያ ድንኳኖች ውስጥ ያደሩት ልጆች ዛሬ የልጅ አባትና እናት ናቸው፤ አብዛኞቹም ማን እንደቆፈረላቸው አያውቁም።