የአይጨበጤ ዕድሜ

መጀመሪያ የተሰማው የመዶሻ ድምፅ ነበር። ጎህ ቀዶ ግድግዳና ሰማይ ገና ሳይለዩ ከገበያው ወገን ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ መጣ፤ አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰው ቆም ይልና መልሶ ይቀጥላል። የድንኳን ሰፊዋ ከመኝታዋ ሳትነሣ አዳመጠችው። በር የሚያበጅ ሰው እንዲህ አይመታም፤ ጣሪያ የሚጠግንም እንዲህ አይመታም፤ ይህ ከባድ እንጨት ከከባድ እንጨት ጋር የሚጋጠምበት፣ የሰው ክብደት ይሸከማል ተብሎ የሚሠራ ነገር ድምፅ ነበር።

ጊዜው የቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ጠረፏ ከተማ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሽቦው ከወንዙ ዳር ደርሶ ቆሟል፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ባንዲራ፣ ሌላ ቀረጥ ነበረ፤ ወንዙን ተከትሎ የተዘረጋውን የሸምበቆና የአሸዋ ምድር ግን የወዲህም ሆነ የወዲያ ሹም ገዝቶት አያውቅም። እዚያ የሚገዛው ሽፍታ ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ አናጢው ሰጋቱራውን ከትከሻው እያራገፈ ወደ ሰፊዋ ደጅ መጣ። እሷ ሰም በተቀባ ክር የድንኳን ሸራ ትጥፍ ነበር፤ መርፌውን የምትገፋበትን ቆዳ መዳፏ ላይ አስራለች።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ! ሻለቃው ልከውኝ ነው። ለሹማምንቱ መቀመጫ ጥላ የሚሆን ሸራ ይስፉልኝ ብለዋል። ነገ ችሎት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይጨበጤ ይሰቀላል፤ ታላላቆቹ ፀሐይ እንዳይመታቸው ነው።»

«ሳይፈረድበት መስቀያ ይሠራል እንዴ?»

«ምን ላድርግ እትዬ? ሙሽራዋ እሺ ሳትልም ጎጆ ይቀለሳል።»

«ለመሆኑ ይህ ሰው ስንት ዓመቱ ነው ይላሉ?»

«ወይ ጉድ! አባቴን በሕፃንነቱ በአይጨበጤ ስም እያስፈራሩ ነው ያስተኙት። እንግዲህ እርስዎ ያስሉት።»

ሰፊዋ አልሳቀችም። «ሸራ የለኝም» አለችው።

«ከኋላዎ የተቆለለውስ?»

«እሱ የመንገደኛ ነው።»

አናጢው ክምሩንና እሷን ተራ በተራ አይቶ፣ ራሱን እያከከ ሄደ።

ስለ አይጨበጤ የሚወራው ብዙ ነበር፤ የሚታወቀው ግን ጥቂት። የዛሬ ሦስት ዓመት በመሻገሪያው ላይ የጉምሩኩን ሹም ተኩሶ መግደሉ እርግጥ ነው፤ ራሱም ክዶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ከእሱ በፊት የነበሩ ሽፍቶች ያደረጉት ሁሉ በእሱ ስም ተቆጠረ፤ የተቃጠለው መጋዘን የእሱ ሆነ፤ አያቶች ጎረምሳ ሳሉ የተዘረፈው የግመል ጓዝም የእሱ ሆነ፤ እሱም «አይደለሁም» ብሎ የመለሰው ሥራ የለም። እንዲህ እየሆነ ዕድሜው በሰው አፍ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ፊቱም አላጋለጠውም፤ የግራ ጉንጩን ባሩድ ለብልቦት ስለ ነበር፣ ጢም ያላበቀለው ከቃጠሎው የተነሣ ነው ብለው ሁሉም አመኑ። አገሩንም በተመለከተ እንዲሁ ነው፤ ሲያሸንፍ የወዲህ ሰው «የእኛ ልጅ ነው» ሲል የወዲያውም «ከእኛ ነው የወጣው» ይል ነበር፤ በተያዘ ማግስት ግን የሁለቱም ዳር ሽማግሌዎች አናውቀውም አሉ። ሲሾም ዘመድ፣ ሲታሰር ባዕድ እንዲሉ ነው።

የተያዘው ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በወባ ተንዘፍዝፎ ሸምበቆ ውስጥ ወድቆ ነበር። ያን ቀን ከተማው ግዙፍ ሰው ሲጠብቅ መካከለኛ ቁመት ያለው ቀጭን ሰው በቃሬዛ ገባ፤ ክርክር ተነሣ፤ «ይህማ እሱ ሊሆን አይችልም» የሚሉም ነበሩ። ዘበኞቹ ክርክሩን ለማብረድ ሽፍታውን በወህኒው በር መቃን ላይ ቀጥ አድርገው አስደግፈው፣ ከአናቱ ትክክል በሳንጃ ምልክት ቆረጡ። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው ወህኒውን የሚጎበኘው ምልክቱን ለማየት ሆነ፤ ነጋዴውም ተማሪውም ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ «እኔ እበልጠዋለሁ!» እያለ ይመለስ ነበር።

ሰፊዋም በዚያው ረፋድ ወደ ወህኒው ወረደች። ከዚህ በፊት ረግጣው አታውቅም ነበር።

«እትዬ ድንኳን!» አለ የወህኒው ዘበኛ፤ «እርስዎም ሊለኩ መጡ?»

«ሰውየውን ላየው ነው።»

«ሰውየው እንኳ አይስብም፤ ምልክቱ ይሻላል። ቢሆንም ለፀሐይ የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ ይቁሙ።»

አይጨበጤ ሰንሰለቱን እየጎተተ በበሩ ወጣ፤ ሲወጣም ለአንድ አፍታ ከመቃኑ ጎን ቆመ። ሰፊዋ አየች፤ ምልክቱ ያረፈው በአናቱ ላይ ሳይሆን በግንባሩ ትክክል ነበር። ዕውር ያልሆነ ሁሉ ሊያየው የሚችል ነገር ነው፤ ነገር ግን ጎብኚው ምልክቱን እንጂ ሰውየውን አያይም፤ ዘበኛውም በየቀኑ የሚያየውን ሰው ማደጉን አያስተውልም።

ግቢው ውስጥ ካለው ግንድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ቀረበችው።

«ነገ ዳኛው ዕድሜህን ይጠይቅሃል» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን ልትል ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ? እኔስ እንግዲህ ስንት ልሁን፣ መቶ?»

«ሴትዮ፣ አላውቅሽም።»

«አትወቀኝ። ሹሙን በገደልህ ጊዜ አሥራ አምስት ነበርህ። አሥራ ስምንት ሳይሞላው የገደለን ሕጉ ያስረዋል እንጂ አይሰቅለውም። አንዲት ቃል ናት የምትበቃህ።»

አይጨበጤ ወደ ዘበኛው ሰረቅ አድርጎ አየና ጥርሱን ነክሶ ተናገረ። «ዝም በይ! ስሜን ሰምቶ ስንቱ መንገድ ለውጧል? ስንቱ ወታደር ሽቅብ ሸሽቷል? ያ ሁሉ ከሕፃን ነው የሸሸው ልታሰኚ ነው? መሳቂያ ልታደርጊኝ!»

«ይሳቁብህ። የሚሳቅበት ሰው በማግስቱ ምሳውን ይበላል።»

«ልጅ ብለው ከሚምሩኝ፣ ወንድ ብለው ይስቀሉኝ።»

«ይህንኑ ንግግርህን እወቀው፤ የልጅ ንግግር ነው» አለችውና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በማግስቱ ችሎቱ የጨው መጋዘን በነበረው አዳራሽ ዋለ። በቅሎ ላይ ብዙ የሰነበቱት ተዘዋዋሪው ዳኛ አንድ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ በቀኛቸው ዐቃቤ ሕጉ፣ በግራቸው ብዕሩን የሚሞርድ ወጣት ጸሐፊ። የሟቹ ሹም ሚስት ከፊት ወንበር ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ ነበር፤ እሷ ባለችበት ወገን ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ዕድሜህ ስንት ነው?» አሉ ዳኛው።

«ሠላሳ አንድ ሞልቶኛል፣ ጌታዬ።»

«የት ተወለድህ?»

«ከማዶ።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው በተያዘ ጊዜ የወዲህ ነኝ ብሎ ነበር።»

«ሁለት እግር አለኝ» አለ አይጨበጤ፤ «አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተወልዶ ይሆናል።» ከኋላ የቆመው ሕዝብ ሳቀ፤ እሱም አገጩን ቀና አደረገ።

ሳቁ ሳይበርድ ሰፊዋ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። «ክቡር ዳኛ፣ ይዋሻል።»

«አንቺ ምኑ ነሽ?»

«አሳዳጊው ነኝ።»

«እናቱ ነሽ?»

«አሳዳጊው ነው ያልኩት፣ ጌታዬ። ሹሙ በሞተ ጊዜ ይህ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።»

በአዳራሹ ጉምጉምታ ሆነ። አይጨበጤ «ይህችን ሴት አይቻት አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ አለ፤ «ክቡር ዳኛ፣ የእናት አንጀት ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ ነው። ለዚያውም እናት ነኝ አላለችም። ባለ ጉዳዩ ራሱ ሠላሳ አንድ ነኝ እያለ፣ ከእሱ ይበልጥ ማን ያውቃል?»

«ሲወለድ የቆመ ሰው ከተወለደው ይበልጥ ያውቃል» አለች ሰፊዋ። «ግን እኔን አትመኑኝ። ዘበኞቻችሁ በሳንጃ የቆረጡትን ምልክት እመኑ። ልጅ ያድጋል፤ የሠላሳ ዓመት ሰው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አያድግም። ወስዳችሁ ከመቃኑ አስተያዩት።»

ዳኛው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ችሎቱ እንዳለ ግቢውን አቋርጦ ወደ ወህኒው በር ሄደ።

አይጨበጤ ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ ቆመ። መሬት የሚደርስ ሰፊ የእስረኛ ልብስ ለብሷል። ዘበኛው ከአናቱ ላይ ጣውላ አስተኝቶ አየ፤ ጣውላው ከምልክቱ ላይ ልክ ክች አለ፤ በላይም አልሆነ፣ በታችም።

«ልክ ነው!» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «ፀጉር እንኳ አልጨመረም!»

ሰፊዋ ምልክቱን አላየችም፤ እግሩን ነበር የምታየው። የልብሱ ጫፍ አፈር ላይ ተጣጥፎ ተኝቷል፤ ከፊት ለፊትም ሁለት ጉልበቶች ጨርቁን ገፍተው ወጥተዋል። ገባት። ለመሰቀል ብሎ ጉልበቱን አጥፏል። ለዳኛው ብትነግር ኖሮ ዘበኞች ይዘው ያቀኑት ነበር፤ እሱም መልሶ ይጎብጥ ነበር፤ እልኩን ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። ስለዚህ ወደ ሕዝቡ ዞራ በሙሉ ድምፅዋ ሳቀች።

«ኑ እዩ! አይጨበጤ ጉልበቱን አጥፎ ቆሟል! በሕግ ፊት ተንበርክኳል!»

«አይጨበጤ ተንበረከከ?» አለ አንዱ።

«እውነትም ጎብጧል!» አለ አናጢው ከኋላ። «ጉልበቱ ከዳው! መስቀያውን ዝቅ ላድርግለት እንዴ?»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። የሽፍታው ፊት ደም መሰለ፤ የተቃጠለው ጉንጩ ብቻ እንደ ነበረ ቀረ።

«ማነው የተንበረከከው?» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጣውላው ከነዘበኛው እጅ ሽቅብ ተነሣ። በጣውላውና በምልክቱ መካከል አራት ጣት የሚያስገባ እንጨት ታየ። ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ፤ የቆመበትን ምክንያት መጨረሻ ላይ የተረዳው እሱ ራሱ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ዳኛ፣ እስከ ሃያ ዓመቱ የሚያድግ ሰውም አለ።»

«ይሁን» አሉ ዳኛው። «ዛሬ ሃያ ነው እንበል። የዛሬ ሦስት ዓመትስ ስንት ነበረ?»

ጸሐፊው «አሥራ ሰባት» ብሎ ጻፈ። ዳኛው እዚያው በሩ ላይ እንደ ቆሙ ፈረዱ፤ ስቅላት ቀርቶ ወደ ድንጋይ መፍለጫው በግዞት እንዲወርድ። የሹሙ ሚስት ፍርዱን ሰምታ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

ሕዝብ ይፈራው የነበረውን ሰው ልጅ ነበረ ብሎ ማስታወስ አይወድም፤ ፍርሃቱ ያሳፍረዋልና። ስለዚህ የጠረፉ አዝማሪ ሁሉ በዘፈኑ አይጨበጤን በአርባ ዓመቱ፣ ስድስት ክንድ ቁመት ይዞ፣ እየሳቀ ሰቀለው፤ ከማዶ መቃብሩን ያሳያሉ፤ ከወዲህ ጠመንጃውን። ስለ ትውልዱ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ተከራክረውበታል፤ ሁሉም ለየመንደሩ ፈረደ። የወህኒው በር ጦሩ ሰፈር በለወጠ ጊዜ ተፈልጦ ተማግዷል። ከግዞቱ ወጥቶ የት እንደ ገባ የጠየቀም የለም፤ ማንም የሚፈልገው አይጨበጤን ነበርና፣ ያን ቀን ከበሩ ሥር የቆመውን ልጅ አልነበረም።

ያን ቀን ግን፣ ሕዝቡ ተበትኖ ዘበኞቹ ሰንሰለቱን ሲያጠብቁ፣ ወጣቱ ጸሐፊ ወደ ሰፊዋ ቀረበ።

«እናቴ፣ ለመዝገቡ አንድ ነገር ቀርቶኛል። የአባቱ ስም ማን ነው? የተወለደውስ ከየትኛው ዳር ነው? ይንገሩኝና ልዝጋው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰፊዋን ላለማየት ፊቱን ወደ ግንቡ መልሶ የነበረው አይጨበጤ ቀስ ብሎ ዞረ። ሰንሰለቱ እንዳይጮኽ በእጁ ያዘው። አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ፊት ሰገግ አድርጎ፣ ከጸሐፊው ይበልጥ መልሱን ይጠብቅ ጀመር፤ ለእሱም ነግራው አታውቅም ነበር።

ሰፊዋ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ጸሐፊውን አልፋ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ በትልቁ በር ወጥታ ሄደች።